የማዳም ሎ የአራስ ሾርባ

ባለፈው ሳምንት ዙሪክ፣ ቪዲኮን ሰፈር ከትራም ወርጄ የጫማ ሰፊውን ማዕዘን ስታጠፍ የአንድ ሱቅ በር ተከፈተና አንድ ሽታ ወጥቶ ፊቴ ላይ ቆመ። ሥር ሥር የሚል፣ ጣፋጭም መራራም፣ ዝናብ ያስገባ ጎተራ የሚመስል ሽታ ነው። ጉልበቴን የምታሽልኝ ልጅ ዘንድ ቀጠሮ ነበረኝ፤ እግሬ ግን አልሄድ አለ። በመስኮቱ አሻግሬ ሳይ በየብርጭቆው ተሞልቶ ተደርድሯል፦ የተሸበሸበው ቀይ ተምር፣ ሐኪም ምላስ የሚጫንበትን እንጨት የመሰለው ስንጥቅ ሥር፣ እንደ አሮጌ ጆሮ የተጣጠፈው የደረቀ እንጉዳይ። ባለሱቁ ብቅ ብሎ በጀርመንኛ ምን ልርዳዎት ሲለኝ፣ «ምንም፣ እያሸተትኩ ነው» ብዬ በፈረንሳይኛ መለስኩለት። ዙሪክ ከመጣሁ ስንት ዓመቴ፤ ድንገት ስያዝ ምላሴ አሁንም ወደ ጄኔቫ ነው የሚሮጠው።

ነገሩ የሆነውም እኔ ገና የጄኔቫ ሰው ሳለሁ ነው። ምርጫው አልፎ፣ አገር ቤትም እዚህም ሰው ሁሉ ጎራ ለይቶ የተኳረፈበት ዘመን ነበር። ፓኪ ሰፈር አንዱ ካፌ የአንደኛው ወገን፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው የሌላኛው ሆኖ፣ እንደኔ በሁለቱም ቤት ወዳጅ ያለው ሰው ማኪያቶ የሚጠጣበት አጥቶ ነበር። እኔ ሻዬን በፔርሙዝ ይዤ ሐይቁ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ እቀመጥና የሁለቱንም ወገን አላፊ ሰላም እል ነበር። የስልክ ካርድ ያኔ ከኪዮስክ በአምስት ፍራንክ ይገዛል፤ ቁጥሩን በሳንቲም ፍቀን ስንደውል፣ የዘመድ ጤና ጠይቀን ሳንጨርስ ያቺ የማትታየው ሴትዮ ጊዜዎ አልቋል ትለናለች። አንገቱ ፀጉራም የሆነ ወይን ጠጅ ካፖርት ነበረኝ፤ ከልባሽ ጨርቅ ሱቅ የገዛሁት ቢሆንም ለብሼው ስወጣ ሆቴል አንሶላ ስተኩስ የኖርኩት ሴት ሳልሆን እዚያው ሆቴል የማርፈው እመቤት የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ጡረታ የወጣሁትም በዚያው ሰሞን ነው።

ልጄ ምሕረት ለትምህርት ዙሪክ ሄዳ እዚያው ቀርታ፣ ካይ የሚባል ልጅ አግብታ ነበር። ካይ ዙሪክ ተወልዶ ያደገ የቻይና ልጅ ነው። ወላጆቹ ከሆንግ ኮንግ መጥተው ምግብ ቤት ከፍተው አሳደጉት፤ አባቱ ሞቶ እናቱ ብቻ ቀርታለች። ሰርጉ ላይ ከእናቱ ጋር አንድ ጠረጴዛ ተቀመጥን። እሷ ከአገሯ ቋንቋና ከዙሪክ ጀርመንኛ ሌላ አታውቅም፤ እኔ ከአማርኛና ከፈረንሳይኛ ሌላ አላውቅም። ስለዚህ ጉንጫችን እስኪዝል ፈገግታ ስንለዋወጥ ዋልን። ጄኔቫ ስመለስም እንዴት ያለች ጨዋ ሴት ናት ብዬ አወራሁላት። አለመግባባት የሚጀምረው መነጋገር ሲመጣ መሆኑን ያኔ አላሰብኩም። ዙሪክ ሁሉም ሰው ፍራው ሎ ይላታል፤ እኔ በጄኔቫ ልማዴ ማዳም ሎ አልኳት፤ ዛሬም ማዳም ሎ ናት።

ምሕረት የወለደችው ሁዳዴ እንደ ገባ ነው። እንደተደወለልኝ የገብስ ዱቄት፣ ከአገር ቤት የመጣ ንጥር ቅቤ፣ አብሽና ጋቢ ሻንጣ ውስጥ ጠቅጥቄ ባቡር ላይ ወጣሁ። ሎዛን ሳንደርስ ቅቤው መሽተት ጀመረ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ሰውዬ መጀመሪያ የራሳቸውን ጫማ አዩ፣ ቀጥለው የኔን ጫማ አዩ፣ በመጨረሻ ጋዜጣቸውን አጥፈው ሌላ ፉርጎ ገቡ። እኔ ግን ልቤ ሙሉ ነበር። የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ናት፤ አራስ የማርሰው እኔ ነኝ።

እነምሕረት የሚኖሩበት ሰፈር፣ ሽዋመንዲንገን ደርሼ ያንን ሻንጣ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ስጎትት ደረጃው በሙሉ በእንፋሎት ታፍኗል። ካይ በሩን ከፍቶ በሚያውቃት አማርኛ «እማማ፣ እንኳን ደህና መጡ» አለኝ። ከኋላው ወጥ ቤት ውስጥ ማዳም ሎ ቆማለች። አበባ አበባ ያለበት ጥጥ የተሞላ ሰደርያ ለብሳ፣ የሸክላ ድስቷን ምድጃው ላይ ጥዳ፣ ቢላዋዋን ይዛ። ከፊቷ መክተፊያው ላይ አንድ የተነጨ ዶሮ ተጋድሟል፤ ከራሱ እስከ ጥፍሩ እንደ ከሰል የጠቆረ።

እንግዲህ ጥቁር ዶሮ የት ቤት እንደሚታረድ የኛ ሰው ያውቃል። ካፖርቴን ሳላወልቅ ምሕረት መኝታ ቤት ገባሁ፤ ሕፃኗን እንኳ በቅጡ ሳላያት «ልጄ፣ ይሄ የቃልቻ ዶሮ ነው» አልኳት።

«እማዬ፣ ሲልቱፕሌ» አለችኝ፤ ጄኔቫ ያደገ ልጅ ልመናው በፈረንሳይኛ ነው። «ሾርባ ነው። ለአራስ ደም ይመልሳል ይላሉ። ደሞ ላባው ነጭ ነው፣ ቆዳው ነው ጥቁር።»

«ይሄማ የባሰ ነው። ተደብቆ ነዋ የጠቆረው።»

እንዲህ ሆነን ጀመርን። ወጥ ቤቱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ጠባብ ነው፤ እኔ ገንፎ ላገነፋ ስገባ እሷ ድስቷን እያማሰለች ነው፣ እሷ ዝንጅብል ልትቆርጥ ስትመጣ እኔ አብሽ እየዘፈዘፍኩ ነው። እሷ ድስቴን ወደ ጎን ትገፋለች፤ እኔ ፈገግ ብዬ እመልሰዋለሁ። የተስማማንበት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም መስኮት ነው። አራስን ብርድ ከመታት ዕድሜ ልኳን እንደማይለቃት እኛም እናውቃለን፣ እነሱም ያውቃሉ። አዋላጇ፣ እዚያ ኸባመ የሚሏት ቀይ ጉንጭ ያላት ደግ ስዊስ፣ በመጣች ቁጥር «ንጹሕ አየር» እያለች መስኮቱን ወለል አድርጋ ትከፍታለች። ገና ጀርባዋን ስታዞር ማዳም ሎ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ደርሰን ጥርቅም እናደርገዋለን። አንድ ቀን እጃችን መያዣው ላይ ተገናኘ። ተያየንና ያለ አስታራቂ ለጥቂት ደቂቃ ታረቅን።

ማንኪያዋ ግን አላስማማችንም። ማዳም ሎ ሾርባዋ ሲደርስ በሸክላ ማንኪያ ትጨልፍና እፍ እፍ ብላ ወደ አፌ ታመጣለች፤ «ያም ቶንግ» ትለኛለች፤ ሾርባ ጠጪ ማለቷ ነው። እኔ ጾም ላይ ነኝ። የዶሮ ሾርባ በሁዳዴ እንዴት አድርጌ ልጠጣ? እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አንገቴን አዞራለሁ። በማግስቱ ደግማ ታመጣለች፤ ደግሜ አዞራለሁ። ጾም የሚለውን ቃል በጀርመንኛ ስለማላውቅ ወደ ሰማይ አመለከትኩላት። እሷ ጣሪያውን አየችና ማንኪያዋን ይዛ ተመለሰች። ከዚያ ቀን በኋላ ፊቷ ተቆለፈ።

በዚህ መሃል እውነተኛ ጭንቅ ነበረብን። የምሕረት ወተት አልመጣም። ሕፃኗ ሊያ ጡት ትይዝና ቶሎ ለቃ ታለቅሳለች፤ ኸባመዋ ሚዛኗን ይዛ ትመጣለች፣ ሕፃኗን አስቀምጣ ቁጥሩን ታይና ከንፈሯን ትነክሳለች። ምሕረት ትራሷን አቅፋ ታለቅሳለች። እኔ ገንፎውን መሃሉን በቅቤ ሞልቼ አቀርባለሁ፤ ሁለት ጉርሻ ወስዳ ሳህኑን ትገፋዋለች። ማዳም ሎ ሾርባዋን ታቀርባለች፤ እሷንም ግማሽ ጠጥታ ታስቀምጣለች። እኛ ሁለታችን ደግሞ ሳህኖቹን ስናነሳ በዓይናችን የየትኛው እንደተበላ እንለካለን። ዛሬ ሳስበው፣ የልጅቷን ወተት ያስቀረው ምግቡ ሳይሆን የሁለታችን ዓይን ነው መሰለኝ።

አንድ ረፋድ ማዳም ሎ ከቤቷ ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ተሸክማ መጣች። ጥቁር ኮምጣጤ፣ ዝንጅብልና እንቁላል ይሸታል፤ ሽታው ደስ ይላል። ሱቅ ስትወርድ ጠብቄ ክዳኑን አነሳሁት። ከፈሳሹ ውስጥ ሁለት ጥፍር ያለው እግር ወጥቶ አየኝ። በሬ አይደለም፣ በግ አይደለም። ክዳኑን መልሼ፣ በስመ አብ ብዬ፣ ማሰሮውን በፎጣ ይዤ በረንዳ ላይ አወጣሁት። ዛሬም ቢሆን አወጣዋለሁ፤ የአሳማ እግር ከኔ ድስት አጠገብ አያድርም። ማዳም ሎ ተመልሳ ማሰሮዋን በረንዳ ላይ፣ ክዳኑ ላይ አንዲት እርግብ ቆማ አገኘችው። ሰደርያዋን አውልቃ አጣጠፈች፣ ካፖርቷን ለበሰች፣ ምሕረትን ግንባሯን ዳሰሰቻትና ማሰሮዋን አቅፋ አፎልተርን፣ ቤቷ ሄደች። እርግቧም ሄደች።

አሁን ወጥ ቤቱ የኔ ሆነ። ገነፋሁ፣ አጥሚት አጠጣሁ፣ አብሹን በማር በጠበጥኩ። ምሕረት በሁለተኛው ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና «እማዬ፣ አትቆጪ። ያንን ሾርባ ነው የሚያምረኝ» አለችኝ።

«የትኛውን?»

«የዶሮውን። ሙቅ፣ ቀጭን። እሱ ይወርድልኛል። ገንፎው ደረቴ ላይ ይቆማል።»

«እሺ፣ እኔ እሠራልሻለሁ።»

«አንቺማ ሽንኩርት ታቁላዪበታለሽ» አለችና ማልቀስ ጀመረች። ወዲያው ሊያም ተከተለቻት።

ምን ላድርግ? ወይን ጠጅ ካፖርቴን ለበስኩ፤ ካይ በወረቀት በጻፈልኝ ቁጥር አውቶቡስ ይዤ አፎልተርን ወረድኩ። እዚያ ሕንፃው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ በረንዳው አንድ ዓይነት፣ የብስክሌት ማቆሚያው አንድ ዓይነት። የማዳም ሎን ያወቅኩት በረንዳዋ ላይ ገመድ ዘርግታ የብርቱካን ልጣጭ ስላሰጣች ነው። በሩን ስትከፍትልኝ አልተገረመችም፤ አልሳቀችም። ገብቼ ተቀመጥኩ። እሷም ተቀመጠች። ከዚያ እሷ ተነስታ ስልኩን አንስታ ልጇ ሥራ ቦታ ደወለች።

ካይ ስብሰባ ላይ ነበር፤ እየተሹለከለከ ወደ ኮሪደር ሲወጣ የበር ድምፅ ይሰማኛል። ያቺን የትምህርት ቤት ፈረንሳይኛውን ይዞ በመሃላችን ገባ። ስልኩ ከእጇ ወደ እጄ፣ ከእጄ ወደ እጇ ይመላለሳል።

«እናቴ ለምን ሾርባዬን ናቀች ነው የምትለው» አለኝ በሹክሹክታ። «ሁልጊዜ አፍንጫዋን አዞረች ትላለች።»

«ንቄ አይደለም፤ ጾም ነው በላት። እስከ ፋሲካ ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ።»

ስልኩን ሰጠኋት። ሰማች፣ አንድ ነገር ጠየቀች፣ መለሰችልኝ።

«ሾርባም? ሥጋው ሳይሆን ውሃው ብቻ? ትላለች።»

«ውሃውም።»

«አሳማውስ ከፋሲካ በኋላ ይቻላል? ትላለች።»

«አሳማው እስክሞት አይቻልም።»

ማዳም ሎ ይህንን ስትሰማ ስልኩን ይዛ ረጅም ነገር ተናገረች። ካይ ስብሰባውን የረሳ ይመስላል፤ ድምፁ ከፍ ብሎ ሲስቅ ይሰማኛል። «እናቴ የምትለው፣ ጣሪያውን ስታሳዪኝ ፎቅ ያሉት ጎረቤቶች ሽታው አስቸገረን ብለዋል ማለትሽ መስሎኝ፣ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ እነሱም ምንም አልሸተተንም ብለው ግራ ተጋቡ» አለኝ።

ስልኩ ተዘጋ። ማዳም ሎ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አሳየችኝ፤ ጨረቃ የምትወጣበትንና የምትሞላበትን ቀን በጣቷ ነካች፣ የጠረጴዛውን የሥጋ ቢላዋ አነሳችና እጇን አወናጨፈች። በነዚያ ቀናት እሷም ሥጋ አትበላም። እናቷም አትበላም ነበር መሰለኝ፤ ወደ አንድ የአሮጊት ፎቶ አመለከተች። ከዚያ ተነስታ ቁም ሣጥን ከፈተች። የደረቀ እንጉዳይ፣ ለውዝ፣ ቀይ ተምር፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበት የውሃ ተክል ሥር አወጣች። ከእንስሳ የተገኘ ነገር አንድም የለበትም። ጥዳው ስንጠብቅ ሻይ ጠጣን፤ ሲደርስ በዚያችው የሸክላ ማንኪያ ጨልፋ፣ እፍ ብላ አመጣችልኝ። አፌን ከፈትኩ። ቅቤ አልቦ፣ በርበሬ አልቦ፣ ሽንኩርት አልቦ፤ ይህ ሁሉ ሳይኖር እንዴት ሆዴ ድረስ ሞቀኝ? ሁለት ሳህን ጠጣሁ። ሁለተኛውን ሳገባድድ ፊቷ ተከፈተ።

ትምህርቱ በማግስቱ ጀመረ፤ ጠዋት ጠዋት አፎልተርን፣ ከሰዓት ሽዋመንዲንገን። መጀመሪያ የተከበርኩት በዶሮ አጠባ ነው። ዶሮውን ሰጥታኝ ዞር አለች፤ እኔ በጨው አሸሁት፣ በሎሚ አሸሁት፣ ውሃው እንደ ምንጭ እስኪጠራ ደጋግሜ አጠብኩት። ማዳም ሎ መጥታ ውሃውን አየች፣ ዶሮውን አሸተተች፣ በመጨረሻ ክንዴን ያዝ አድርጋ በቋንቋዋ ረጅም ንግግር አደረገች። ካይ ኋላ ሲተረጉምልኝ፣ እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ዶሮ የሚያጥብ ሰው አይቼ አላውቅም ማለቷ ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን የኔ ዕውቀት አለቀ። አጥንቱ መጀመሪያ ይፈላና ያ ውሃ ይደፋል። ሥሩ ይዘፈዘፋል። እሳቱ እንደ ማሾ ጭል ጭል ይላል እንጂ አይንቀለቀልም። ክዳን አይከፈትም፤ እኔ ወጥ ሳላማስል አምስት ደቂቃ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝና እጄን ስዘረጋ በማንኪያዋ መታ ታደርገኛለች፤ «ናይ» ትለኛለች በጀርመንኛዋ። ጨው በመጨረሻ ነው። የሚያሞቅ አለ፣ የሚያበርድ አለ፤ ዝንጅብሉ ያሞቃል፣ ቀይ ተምሩ ደም ያነሳል፣ ያ የምላስ መጫኛ የመሰለው ሥር ጉልበት ይሰጣል ይላሉ። ግዢውን ቪዲኮን ድረስ ይዛኝ ትሄዳለች፤ በጣቷ ትሰብራለች፣ ታሸታለች፣ አፍንጫዬ ሥር ታቀርብልኛለች፣ ባለሱቁ ላይ ትቆጣለች። የጾመኛ ነገር ስለሆነ የዶሮውን ጨው መቅመስ አልችልም፤ በአፍንጫዬ ነበር የምለካው። እሷም ይህን ስታይ ማንኪያዋን አስቀምጣ በአፍንጫዋ መለካት ሞከረች፤ የዚያን ቀን ሾርባ አንድም ጨው አልነበረውም።

ምሕረት ሾርባውን ጠጣች። ጠጥታ ላቧ መጣ፤ ልቧ ተከፈተ፤ ተኛች። እኔና ማዳም ሎ ሳንጣላ አንድ ወጥ ቤት ውስጥ ስንንሾካሾክ እየሰማች ተኛች። ሲውል ሲያድር ወተቷ መጣ። ኸባመዋ ሚዛኑን አይታ እጇን አጨበጨበች፤ ምክንያቱ ምን እንደሆነ ምሕረት ስትጠይቃት ዕረፍት፣ ፈሳሽ ነገርና ትዕግስት ነው አለች፤ ተናግራም መስኮቱን ከፈተች። ማዳም ሎ ጥቁሯ ዶሮ ናት አለች። እኔ ማርያም ናት አልኩ። የዙሪክ ሴቶች አራስ ጥየቃ ሲመጡ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ገብተው ሾርባ ቀረበላቸው። ማዳም ሎ አንዲቷ ለነፍሰ ጡሯ ጓደኛዋ የመረቀችውን ምርቃት በጆሮዋ ይዛ፣ የሰባ ዓመት እናት በር ድረስ ስትሸኝ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» አለቻቸው። እሳቸውም ጨዋ ናቸውና «አሜን» ብለው ወጡ።

ዛሬ እኔም አፎልተርን ነኝ። ያ ሁሉ በረንዳ አንድ ዓይነት ያልኩት ሕንፃ ውስጥ፣ ከማዳም ሎ ሁለት ፎቅ ከፍ ብዬ እኖራለሁ። ሊያ ረጅም ኮረዳ ሆናለች፤ «አያቴ፣ ሾርባው ኢሽ ፋይን ግን ዶሮው ፊት አለው» የምትል፤ «ኢሽ ፋይን» ይጣፍጣል ማለቷ ነው፤ አማርኛዋ በየመሃሉ ይሰበርና በጀርመንኛ ይጠገናል። ካፖርቱን ብል በላው። ማዳም ሎ ጆሮዋ ደከመ፤ ያም ጠቅሟታል፤ የኔን ምክር ላለመስማት ሰበብ ሆኗታል። አብሽ ሾርባ ውስጥ ጨምሪ ብያት ስንት ዓመት አልሰማችኝም።

ያ ሁሉ ቢሆንም ሳስታውሰው ከሁሉ የሚያስቀኝ ጄኔቫ የመጣችበት ቀን ነው። ሊያ ክርስትና ከተነሳች በኋላ፣ የማርያም ማኅበር ተራ ደርሶኝ ቤቴ ነበር የሚወጣው። ቀኑ የፍስክ ነው። ማዳም ሎ ከምሕረትና ከሕፃኗ ጋር መጣች፤ ሸክላ ድስቷን በጭኗ ታቅፋ በባቡር ያንን ሁሉ መንገድ። በምርጫው ምክንያት የተኳረፉት ሴቶችም መጡ፤ ካፌ ይቀራል እንጂ የማርያም ማኅበር አይቀርም። የዚህኛው ወገን ሶፋው ላይ፣ የዚያኛው ወገን ከምግብ ቤት በተዋስኩት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቴፑ ውስጥ የድሮ ክራር አድርጌያለሁ። እኔና ማዳም ሎ ወጥ ቤት ነን። ሾርባው ሊወርድ ሲል እሷ ዞር ስትል ኮረሪማ ፈልፍዬ ጨመርኩ። አሸተተች። ከመክተፊያው ላይ ቅርፊቱን አነሳች፣ በጥርሷ ሰበረች፣ ዓይኗ ፈጠጠ፦ የኛ ነው አለችኝ። እኔ የኛ ነው አልኩ። እነሱም አገር እንዲህ ያለ ቅመም አለ ለካ። እሷ በጀርመንኛ፣ እኔ በፈረንሳይኛ፣ መሃል መሃል ያስተማርኳት አማርኛና ያስተማረችኝ የሆንግ ኮንግ ቃል እየገባበት፣ ያ ቅርፊት ከእጅ ወደ እጅ ሲነጠቅ ሳሎኑ ጸጥ አለ።

ሾርባውን ይዘን ስንገባ ሴቶቹ አኩርፈው መቀመጣቸውን ረስተው እርስ በርስ እየተያዩ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነዋል። ከመካከላቸው ታላቃችን እትዬ በለጡ ነበሩ፤ ዓይናቸው ፈዞ ሰው የሚለዩት በድምፁ ነው። ሳህናቸውን ተቀብለው ፉት አሉና «ይቺ እንግዳ ምንሽ ናት?» አሉኝ።

የአማቼ እናት ልል ነበር። አማርኛው ረዘመብኝ። «እህቴ ናት» አልኳቸው።

«አውቄያለሁ» አሉ እትዬ በለጡ። «በዕቃ እንዲህ የሚነጣጠቅ እህትማማች ብቻ ነው። እኔም ከታናሼ ጋር እንዲሁ ነበርኩ።» ሌላ ፉት አሉና ትንሽ አሰቡ። «አነጋገራችሁ ብቻ አልያዝ አለኝ። ከወዴት አገር ናችሁ?»

ማዳም ሎ ምን አሉ ብላ በክርኗ ነካችኝ። ይጨመርልኝ ብለዋል አልኳት። ሳህናቸውን ተቀብላ ሄደች፤ እስከ አፉ ሞልታ፣ ሁለቱን የዶሮ እግር ደርባ አመጣችላቸው።